አንድ ብልቃጥ ማርማላታ በ150 ዶላር፦ «ሶይለንት ግሪን» የቱን ሳተ፣ የቱን አገኘ?

አንድ ሽማግሌ ማንኪያ ይልሳል። ማንኪያው ላይ ያለችው የማርማላታ ትራፊ ናት። አብሮት የሚኖረው መርማሪ ፖሊስ ነው ከሰው ቤት ይዞለት የመጣው። ሽማግሌው ቀመስ አድርጎ እንጆሪ መሆኑን ይለያል። ዋጋውንም ያውቃል፤ አንዱ ብልቃጥ 150 ዶላር። ፖሊሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ማንኪያው የተገኘበት ቤት ባለቤት የአንድ ሀብታም የግል ጠባቂ ነው፣ የጠባቂ ደሞዝ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ማርማላታ አይገዛም። ሰውዬው ከሌላ ቦታ ገንዘብ እየበላ ነው ማለት ነው።

«ሶይለንት ግሪን» የተባለውን ፊልም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚህ ትዕይንት አይደለም፤ በመጨረሻዋ ጩኸት ነው። ፖሊሱን የሚጫወተው ቻርልተን ሄስተን ቆስሎ በቃሬዛ እየተወሰደ «ሶይለንት ግሪን ሰው ነው!» ይላል። ለድሃው የሚታደለው አረንጓዴ ብስኩት ከፕላንክተን (ባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ሳይሆን ከሬሳ እንደሚሠራ ደርሶበታል። ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ስላለፈው ምስጢሩን ብናገር ቅር የሚለው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ጩኸቱ ፊልሙን መዋጡ ነው። ሁሉም ስለ ሬሳው ያወራል፣ ማንኪያውን ይረሳል። እኔ ግን የፊልሙ ቁም ነገር ያለው ማንኪያው ላይ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልያዘው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ፊልሙ የወጣው በ1973 ነው። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፍላይሸር ይባላል። ታሪኩ ሃሪ ሃሪሰን በ1966 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ነው፤ ልቦለዱ ውስጥ ዘመኑ 1999 ነው፣ ኒውዮርክ 35 ሚሊዮን ሰው ታቅፋለች። ፊልሙ ሁለቱንም ከፍ አደረጋቸው። ገና ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ዓመቱ 2022፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ሕዝቡ 40 ሚሊዮን ይላል። ሰው መበላቱ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እሱን የጨመሩት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው።

በዚያች ኒውዮርክ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው። ሰማዩ አረንጓዴ ጭጋግ ለብሷል። ፖሊሱ ቶርን ቤቱ ለመግባት ደረጃው ላይ የተኙትን ሰዎች እየተራመደ ነው የሚያልፈው። አብሮት የሚኖረው ሽማግሌ ሶል አምፖሏ እንድትበራ ብስክሌት ይነዳል፤ ብስክሌቱ ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማክሰኞ የሶይለንት ግሪን ቀን ነው። ብስኩቱ ሲያልቅና ሕዝቡ ሲቆጣ መንግሥት አካፋ የተገጠመላቸው ትልልቅ መኪናዎች ይልካል፤ መኪናዎቹ ሰውን እንደ ቆሻሻ እየዛቁ ከኋላቸው ይደፉታል።

2022 መጥቶ ሄደ። ታዲያ ምን ሆነ?

ኒውዮርክ 40 ሚሊዮን አልደረሰችም። በ2020 ቆጠራ 8.8 ሚሊዮን ነበረች። እንዲያውም ፊልሙ ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰው እየለቀቃት ነበር፤ በ1970 7.9 ሚሊዮን የነበረችው ከተማ በ1980 ወደ 7.1 ሚሊዮን ወርዳለች። የዓለም ሕዝብ ግን በእርግጥ እጥፍ ሆኗል። ፊልሙ ሲወጣ አራት ቢሊዮን አልሞላንም። ስምንት ቢሊዮን ደረስን ብሎ የተባበሩት መንግሥታት ያወጀው ኅዳር ውስጥ ነበር፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2022። ልክ ፊልሙ በጠቀሰው ዓመት። እጥፍ ሆንን፣ ግን የተፈራው ረሃብ በተፈራው መልክ አልመጣም።

ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1969 ክሊቭላንድ ውስጥ ካያሆጋ የሚባለው ወንዝ በእሳት ተያያዘ፤ ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ዘይትና ቆሻሻ ነበር የሚነደው። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ1968፣ የስታንፎርዱ ባዮሎጂስት ፖል ኤርሊክ ሕዝብን ከቦምብ ጋር ያመሳሰለ መጽሐፍ አሳትሞ በ1970ዎቹ መቶ ሚሊዮኖች በረሃብ ያልቃሉ ብሎ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፣ ሰውዬውም የቴሌቪዥን እንግዳ ሆነ። በ1972 ደግሞ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተው፣ በዚሁ ከቀጠልን በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ውስጥ የዕድገት ወሰናችን ላይ እንደርሳለን አሉ። እንግዲህ በ1973 ሲኒማ የገባ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው የሚገባው። ለእሱ ፊልሙ ቅዠት አልነበረም፣ የነገ ዜና ነበር።

ያ ነገ ሁለት ነገሮችን አልቆጠረም።

አንደኛው ስንዴ ነው። ኖርማን ቦርላግና ባልደረቦቹ ሜክሲኮ ውስጥ አገዳው አጭር የሆነ ስንዴ አዳቀሉ። ማዳበሪያ ሲጨመርለት እንደ ድሮው ረዝሞ አይጋደምም፤ ጉልበቱን ፍሬ ላይ ያውለዋል። ይኸው ዘር ሕንድና ፓኪስታን ገባ፣ ምርቱም ተተኮሰ። ቦርላግ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመ። በነጻ የመጣ ነገር አይደለም፤ ለዚያ ስንዴ ሲባል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ዛሬ የፑንጃብን የከርሰ ምድር ውሃ እያራቆቱት ነው። ቢሆንም ሰው በላ።

ሁለተኛው ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የፊልሙ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ፊልሙ ውስጥ ሀብታሞች ቤት ሲከራዩ ቤቱ ከነሴቷ ነው። ሴቷ «ፈርኒቸር» ትባላለች። የቤት ዕቃ ማለት ነው። ሽርል የምትባለው ወጣት ጌታዋ ሲገደል የራሷ ዕጣ የሚያሳስባት፣ የሚቀጥለው ተከራይ ይፈልጋታል ወይስ አይፈልጋትም በሚለው ነው። ይህ እንደ ክስ ከታየ ጠንካራ ክስ ነው። አገር ሲደኽይና ሰው ሲረክስ መጀመሪያ የሚሸጡት ሴቶች መሆናቸውን ፊልሙ አይቶታል። ግን አንድ ነገር አላየም። በሕዝብ ብዛት የተጨነቀ ፊልም ሆኖ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲትም ሴት ስንት ልጅ መውለድ እንደምትፈልግ አትጠየቅም። ስለ መውለድ የሚወራ ፊልም ውስጥ ወላጆቹ ድምፅ የላቸውም።

እውነተኛው መልስ የመጣው ግን ከእነሱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በዓለም ደረጃ በአማካይ አራት ከግማሽ ገደማ ልጅ ትወልድ ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥብ ሦስት ገደማ ነው። ልጆች መሞት ሲቀንሱ፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትቆይ፣ የእርግዝና መከላከያ ጤና ጣቢያ ድረስ ሲመጣላት፣ ማንም ሳያስገድዳት ራሷ ቁጥሯን አወረደች። ደቡብ ኮሪያ በ2023 0.72 ላይ ደርሳለች፤ እዚያ ያለው ጭንቀት አሁን የተገላቢጦሽ ነው። ቻይና ከ1961 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቧ የቀነሰው በ2022 ነው። አዎ፣ ያው 2022። በአገራችንም በ2000 አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ የነበረው በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ2016 ቁጥሩ 1.8 ነበር፤ ይህ ሕዝብ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው በታች ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ኪራይ እየከፈለች ሁለት ልጅ የምታስተምር እናት ይህን ለማወቅ ፊልም አላስፈለጋትም።

ፍርሃቱ ግን ተጎጂዎች ነበሩት። ሕንድ ውስጥ ከ1975 እስከ 1977 በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ፣ በአንድ ዓመት ብቻ ስድስት ሚሊዮን ያህል ወንዶች እንዲመክኑ ተደርገዋል። ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ አንዳንዱ ተታሎ፣ አንዳንዱ በፖሊስ ተይዞ፣ አንዳንዱ የምስክር ወረቀቱን ካላመጣ መሬት ወይም ደሞዝ እንደማያገኝ ተነግሮት። ቻይና ከ1980 እስከ 2015 በአንድ ልጅ ሕግ ቆየች። «እኛ በዝተናል» የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ሁላችንንም የሚያቅፍ ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን «እነሱ በዝተዋል» ነው የሚሆነው። እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ ድሃዎች ናቸው።

ስለ ኤርሊክ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በ1980 ጁልያን ሳይመን ከሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ ጋር ውርርድ ገባ። አምስት ማዕድናት ተመረጡ፤ በአስር ዓመት ውስጥ ዋጋቸው ቢጨምር ኤርሊክ ያሸንፋል፣ ቢቀንስ ሳይመን። በ1990 ኤርሊክ የ576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ላከለት። ብዙ ሰው ይህን እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጠቅሰዋል፤ እኔ አልጠቅሰውም። ሌላ አስር ዓመት መርጠው ቢሆን ኤርሊክ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። የመዳብ ዋጋ ስለ ባሕርና ስለ አየር የሚነግረን ነገርም የለም።

አሁን ወደ ማንኪያው እመለሳለሁ። ፊልሙ ሲወጣ፣ በዚያው 1973፣ እኛ ዘንድ የወሎ ሰው እየሞተ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ነው። የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። አሜሪካ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስለሚመጣው ረሃብ ፊልም ሲታይ፣ ረሃቡ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አስፋልት ዳር ተቀምጦ ነበር። አላፊ አግዳሚውን አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር።

ታዲያ ያ ረሃብ የመጣው ሰው ስለበዛ ነው? የኢኮኖሚ ባለሙያው አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሃብ አንድ በአንድ መርምሮታል። ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጠኛል። በወሎ ምርት ወድቋል፣ አዎ። በአገር ደረጃ ግን የነበረው ምግብ ከወትሮው ብዙም አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልተሰቀለም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል? ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የሚሸጠውንም ነው። በሬውንና ፍየሉን ለመሸጥ ሲወጣ ሁሉም ሻጭ ስለሆነ የከብት ዋጋ ወደቀ። እጁ ላይ ብር የለም። ብር የሌለው ሰው ገበያ ላይ ቆሞ ቢሞትም ለነጋዴው ገዢ አይደለም፣ ስለዚህ ዋጋ አያንቀሳቅስም። እህሉ ብር ወዳለበት አገር ሄደ።

እንዲህ ካየነው የ150 ዶላሩ ማርማላታ ምን እያለን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያች ኒውዮርክ እንጆሪ አለ። የበሬ ሥጋ አለ፤ ሽርል ራሷ ከአንድ ተደብቆ ከሚሸጥ ሱቅ ትገዛለች። ሙቅ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ የሚቀዘቅዝ ክፍል አለ። ቶርን የተገደለውን ሀብታም ቤት ሲመረምር መጀመሪያ የሚያደርገው ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን መታጠብ ነው፣ ከዚያ ያገኘውን ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል። ማታ ሶል ያንን ሥጋ ይሠራዋል። ሁለቱ ሰላጣ ቅጠል እያንኮሻኮሹ ሥጋውን ይበላሉ፣ ቶርን ፖሙን ከነፍሬው ይጨርሰዋል። ሰውዬው ፖም ምኑ እንደሚጣል አያውቅም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ትዕይንት ነው፤ ምግቡ ከተማው ውስጥ ነበር፣ ከደረጃው በላይ።

የፊልሙ ርዕስ የሕዝብ ብዛት ነው ይላሉ። ካሜራው የሚያሳየው ግን ክፍፍልን ነው። እኔ የማምነው ካሜራውን ነው። ያለፈውን 2022 ራሱን እንውሰድ። በዚያ ዓመት 700 ሚሊዮን ያህል ሰው ይራብ ነበር። በዚያው ዓመት በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል፣ የሚበዛው ከየቤቱ። ከዓለም እህል ሲሶው ገደማ የሚሄደው ለከብት መኖ ነው። የዓለም የምግብ ዋጋ መጋቢት ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ ጣሪያ የነካው ሕዝብ በአንድ ወር ስለበዛ አልነበረም፤ ሩስያ ዩክሬንን ወርራ የጥቁር ባሕር ወደቦች ስለተዘጉ ነው። ስለ ጭስም እንዲሁ ነው። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 15 ቶን ያህል ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ መቶኛው ገደማ ነው። እንግዲህ አፍሪካ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን ነው ምድርን የሚያቃጥላት የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ቁጥር አንሱለት።

የወሎን ነገር ሳልጨርሰው አልተውም፣ ምክንያቱም ከፊልም ጋር ሌላም ዝምድና አለው። ያ ረሃብ ተደብቆ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾት በጥቅምት 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም ያወቀው። እኛ አገር ደግሞ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ግን እንዳለ አላሳየውም። በተራቡት ሰዎች ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ ተሰክቶበት ነበር፣ ለንጉሡ ውሾች ሥጋ ሲሰጥም ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ደርግ ይህን ያደረገው ለራሱ ዓላማ ነው፤ ከአስር ዓመት በኋላ፣ በእኛ በ77፣ እሱም ረሃብ ደብቋል። ሆኖም የዚያን ማታ ተመልካች ልቡን የመታው የሟቹ ቁጥር አልነበረም። ሰሃኑ ነበር።

ፊልሙ በትክክል ያገኘው ሌላው ነገር መደበቁ ነው።

የሚገደለው ሀብታም ሳይመንሰን ይባላል። የሶይለንት ኩባንያ የቦርድ አባል ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወፋፍራም ጥራዞች ይገኛሉ፤ ከ2015 እስከ 2019 የተደረገ የውቅያኖስ ጥናት ሪፖርት ናቸው። ሶል ያነባቸዋል። ባሕሩ እየሞተ ነው ይላሉ። ፕላንክተን የለም። ፕላንክተን ከሌለ ኩባንያው ከምን ነው የሚሠራው? የፊልሙ ምስጢር በሙሉ የሚፈታው ከዚህ ሪፖርት ነው፣ ሳይመንሰንም የተገደለው ይህን አውቆ ኅሊናው ስላላረፈ ነው።

ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነዳጅ ማቃጠል ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቃት አስልተው ለአለቆቻቸው አቅርበው ነበር። በ2023 የታተመ ጥናት እነዚያን ስሌቶች ከሆነው ሙቀት ጋር አስተያይቷቸዋል፤ አብዛኞቹ ልክ ነበሩ። ኩባንያው ግን ለዓመታት ለሕዝብ ሲናገር የነበረው ሳይንሱ ገና አልለየለትም እያለ ነው። ሪፖርቱ ነበረ። መደርደሪያ ላይ ነበረ። ፊልሙ ውስጥ ሶል ስለ ግሪንሃውስ ሙቀት በስሙ ጠርቶ ያማርራል፣ በ1973! ያኔ አየሩ ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 330 ያህል እጅ ነበር። በ2022 ወደ 418 ደርሷል። በሰኔ 2023 የካናዳ ደን ሲቃጠል ጭሱ ወርዶ የኒውዮርክን ሰማይ ብርቱካንማ ሲያደርገው፣ ከተማዋ በአንድ ዓመት ብቻ ነው ከፊልሙ ያረፈደችው።

ባሕሩም እንዲሁ። አልሞተም፤ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ዛሬም የሚመጣው ከባሕር ጥቃቅን እጽዋት ነው። ግን በ1974 ከአቅማቸው በላይ የተጠመዱ የዓሣ ዝርያ ክምችቶች ከመቶ አስር ነበሩ፣ ዛሬ ከሲሶ በላይ ናቸው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ለአምስት መቶ ዓመት የተጠመደው ኮድ የተባለው ዓሣ በ1992 አልቆ ማጥመድ ተከለከለ፤ 30,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጣ። ያንን ያደረገው የዓሣ አጥማጁ የልጆች ብዛት አልነበረም። ሌሊትና ቀን የሚሠሩ፣ ያጠመዱትን እዚያው የሚያቀዘቅዙ ግዙፍ መርከቦች ናቸው።

ዳንኤል ፖሊ የተባለ የዓሣ ተመራማሪ በ1995 አንድ ነገር ጻፈ። እያንዳንዱ ትውልድ ልጅ ሆኖ ያየውን ባሕር እንደ ትክክለኛው ባሕር ይቆጥረዋል፣ የጎደለውን ሁሉ ከዚያ ተነስቶ ይለካል፣ ከዚያ በፊት የጎደለውን ግን አያውቀውም አለ። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ የሶል አሟሟት ነው።

ሶል እውነቱን ካወቀ በኋላ መኖር በቃኝ ይላል። ሰው በፈቃዱ የሚሞትበት የመንግሥት ቤት አለ፣ እዚያ ይሄዳል። የሚወደው ቀለም ብርቱካንማ መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ክፍሉን ብርቱካንማ ብርሃን ይሞሉለታል። ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል። አልጋው ላይ እንደተኛ ግድግዳውን በሞላው ስክሪን አበባ የለበሰ መስክ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ባሕር፣ የዱር አራዊት ይታያሉ፤ የቤትሆቨን ሙዚቃ ይሰማል። ቶርን ሊያስጥለው ሮጦ ይመጣል፣ ግን ረፍዷል። በመስኮቱ ያንን መስክ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ ሶል «ድሮ እኮ እንዲህ ነበር» ሲለው የሽማግሌ ወሬ ይመስለው ነበር። አሁን እያለቀሰ፣ እንዴት ላውቅ እችል ነበር ይላል።

ሶልን የተጫወተው ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ያኔ ካንሰር ይዞት ነበር። በጥር 1973 አረፈ፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ እሱ የለም።

መጨረሻው ጩኸቱ ነው። ቶርን የሚቆስለው ቤት የሌላቸው ሰዎች እግር ለእግር ተጣብቀው የሚያድሩበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እውነቱን የሚነግረው ለአለቃው ለሃቸር ነው። ሃቸር ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ቀደም ሲል ከላይ ሲታዘዝ ይህንኑ መዝገብ ሊዘጋ ወረቀት አዘጋጅቶ ቶርንን ፈርም ያለ ሰው ነው። ቶርን ለሁሉም ንገር ይለዋል። እነግራለሁ ይለዋል ሃቸር። ከዚያ ስክሪኑ እየጠበበ ይሄድና በደም የተነከረች፣ ወደ ላይ የተዘረጋች እጅ ብቻ ትቀራለች። ይንገር አይንገር ፊልሙ አያሳየንም። የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ተመልሶ የሚመጣው ሶል ያየው የአበባ መስክ ነው።